ናሙና ቁጥር ሦስት

አንድ ቦታ መቀመጥ አይሆንልኝም። ልጅ ሆኜ፣ ነገሌ ቦረና ካምፑ ጥግ ባለው ቤታችን፣ ምሳ እንኳ የምበላው እየተነሳሁ እየተቀመጥኩ ነበር። አባቴ ወታደር ነበርና «ይቺን ልጅ ሰልፍ ላይ ቢያቆሟት ሻለቃውን በሙሉ ታስቀጣለች» ይል ነበር። ደርግ ወድቆ ጦሩ ሲበተን ወደ አገሩ ጎጃም አልተመለሰም፤ ከቦረና ያገባት እናቴ ዘንድ ቀረና ራዲዮና የእጅ ባትሪ እየጠገነ አሳደገኝ። ሲጠግን አጠገቡ ቆሜ «አለቀ? አለቀ?» እያልኩ አስጨንቀዋለሁ። እሱም ቀና ሳይል «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይለኛል። እኔ ግን ተረቱን ሳይጨርሰው በር ላይ ነኝ።

ይህች ልጅ አድጋ ምን ሆነች ቢባል፣ ጠብታ ቆጣሪ ሆነች። ለብዙ ዓመት ነገሌ ላይ ኬሚስትሪ ሳስተምር ቆየሁና፣ አብረውኝ ከሚማሩት ሁሉ በዕድሜ በልጬ፣ ለዶክትሬት አዲስ አበባ ገባሁ። አማካሪዬ በመጀመሪያው ቀን ጠረጴዛዬ ላይ አንድ ነገር አስቀመጡልኝ። ሁለት የብረት ሳህኖች ናቸው፤ ተደራርበው በብሎን የታሰሩ፣ ተደምረው ከሞባይል ስልክ የማይበልጡ። በመሃላቸው የመርፌ ውፍረት ያለው ቦይ እየተጠማዘዘ ያልፋል። «ይኸውልሽ ፋብሪካሽ» አሉኝ። የሚያሾፉብኝ መስሎኝ ነበር።

ማይክሮሪአክተር ይባላል። ኬሚስትሪን ብዙ ሰው የሚያውቀው በትልቅ ድስት ነው፤ ጨምሮ፣ አማስሎ፣ አፍልቶ፣ መጨረሻ ላይ የተረፈውን መርዝ የሆነ ቦታ መድፋት። አረንጓዴ ኬሚስትሪ የሚሉት ሐሳብ ደግሞ ከመጀመሪያውኑ የሚደፋ ነገር እንዳይኖር አስቦ መሥራት ነው። በዚያች ቀጭን ቦይ ውስጥ ጭልፋ በማይሞላ ዘይት በቀን አሥር ጊዜ መሞከር ይቻላል። ሙቀቱ ለሁሉም እኩል ይደርሳል፣ የሚባክነውም ከእንባ አይበልጥም። ትልቁ ጥቅሟ ግን ሌላ ነው፤ ትንሽ ስለሆነች ምንም አትደብቅም። ድስት ውስጥ የወደቀ ነገር በብዛቱ ተውጦ ይቀራል፣ እዚህ ግን የገባው ሁሉ ይታያል። ይህን ለተማሪዎቼ በኩራት እናገር ነበር።

የእኔ ሥራ ሁለት የሚጣሉ ነገሮችን ማገናኘት ነበር። አንደኛው ሳምቡሳና ፓስቲ ተጠብሶበት ተጠብሶበት የጠቆረ ዘይት ነው፤ ከመናኸሪያው አጠገብ የሚጠብሱት ሴቶች ሊደፉት ሲሉ በጄሪካን እቀበላቸዋለሁ። ሁለተኛው የከብት አጥንት ነው። ዘይቱ ሜታኖል ከሚባለው አልኮል ጋር ሲገናኝ መኪና የሚያንቀሳቅስ ነዳጅ ሊሆን ይችላል፣ ብቻውን ግን በጣም ሰነፍ ነው። የሚያነቃው ካታሊስት ይፈልጋል። አጥንት በከፍተኛ ሙቀት ሲቃጠል የሚተርፈው ነጭ ዱቄት ይህን ሥራ ይሠራል። ለእናቴ ካታሊስት ማለት ምን እንደሆነ ላስረዳት ስሞክር «ራሱ ሳያልቅ ሌላውን የሚያጣድፍ ነገር ነው» አልኳት። ትንሽ አሰበችና «ከአንቺ የሚለየው ራሱ አለማለቁ ነው» አለችኝ።

ዝናቡ ተከታትሎ የቀረበት ዘመን ነበር። ቆላው አገር ሁሉ በአጥንት ተሞልቷል። ከሜጋ ከተማ በላይ አስፋልቱ ዳር የወደቁትን ከብቶች ከአውቶቡስ መስኮት ያየ ሰው ያንን መንገድ ደግሞ መሄድ አይፈልግም። እኔ ግን ሄድኩበት፤ ሄጄም በማዳበሪያ ከረጢት አጥንት ሰበሰብኩ። ኬላ ላይ ፈታሹ «ምንድን ነው የያዝሽው?» ሲለኝ «አጥንት» አልኩት። ከረጢቱን ከፍቶ አየ፣ እኔን አየ፣ መልሶ ዘጋው። ከወደራ ሥጋ ቤት ያመጣሁትን ናሙና አንድ፣ ከሜጋ የሰበሰብኩትን ናሙና ሁለት ብዬ ጻፍኩ። ሦስተኛውን ተልተሌ የሚኖሩት አጎቴ፣ የእናቴ ወንድም፣ ስልክ ደውዬላቸው በጭነት መኪና አዲስ አበባ ድረስ ላኩልኝ። የአንዲት ላም የእግር አጥንቶች ናቸው። ናሙና ሦስት አልኩት።

ሦስቱንም በአንድ ምድጃ፣ በአንድ ሙቀት፣ ለእኩል ሰዓት አቃጠልኳቸው። ከዚያ ፈጭቼ ነፋኋቸው። ከእያንዳንዱ ግማሹን አማካሪዬ ዘንድ ትቼ ግማሹን በላስቲክ ከረጢት አድርጌ ወደ ነገሌ ተመለስኩ። ለትምህርት የተሰጠኝ ፈቃድ አልቆ ስለነበር ማስተማር ነበረብኝ፤ አማካሪዬም መሣሪያውን ይዘሽ ሂጂ አሉኝ። ፋብሪካውን በእጅ ቦርሳ ይዤ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። የቀረኝ ጊዜ ትንሽ ነበር። ሁለት ጊዜ ተራዝሞልኛል፤ ሦስተኛውና የመጨረሻው ማራዘሚያ የሚያልቀው በዚያው ሴሚስተር ነው። እስከዚያ ጥሩ ውጤት ካላሳየሁ ስድስት ዓመት የለፋሁበት ዶክትሬት አበቃ ማለት ነው። ይህን እያሰብኩ ከአዲስ አበባ እስከ ነገሌ ጉልበቴ ሲንቀጠቀጥ መጣ፤ አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ በመጨረሻ እጃቸውን ጭኔ ላይ ጭነው «በናትሽ ልጄ፣ ተይ» አሉኝ።

ቤት ደርሼ ቦርሳዬን ስፈታ እናቴ ከረጢቶቹን እያገላበጠች «የተልተሌው የትኛው ነው?» አለችኝ። በአገጬ አሳየኋትና መሣሪያዬን ወደ ኋላ ክፍል ይዤ ገባሁ። በማግስቱ ናሙና ሦስት በቦታው የለም። ስጠይቃት «ላስቲኩ ስስ ነው፣ ንፋስ ይገባበታል» ብላ አንዲት ትንሽ ጮጮ አመጣችልኝ። የወተት ጮጮ ነው፣ ክዳኑ ጥብቅ ያለ፣ ከቃጫ ተጠልፎ ወተት እንኳ የማያፈስ። ደስ አለኝ። ያ ዱቄት አየርና እርጥበት ይጠላል፤ እንዲያውም ላብራቶሪ ውስጥ ይህን የመሰለ ዕቃ አልነበረንም። «እግዜር ይስጥሽ» ብያት ሥራዬን ቀጠልኩ። ሁለቱን ለምን በላስቲካቸው እንደተወቻቸው ልጠይቃት አልመጣልኝም።

ሥራው እንዲህ ነው። በቢላዋ ጫፍ የምትያዝ ዱቄት ቦዩ ውስጥ እጠቀጥቃለሁ፣ ሳህኖቹን በብሎን አጠብቃለሁ፣ አሞቃለሁ። ሁለት ትንንሽ ፓምፖች፣ አንዱ ዘይቱን ሌላው ሜታኖሉን፣ በሲሪንጅ ቀስ እያሉ ይገፋሉ። በወዲያኛው ጫፍ ጠብታ ትወጣለች። ትዘገያለች። ሌላ ትወጣለች። የነገሌ መብራት እንደልቡ ስለሚሄድ ከሶላር ባትሪ ጋር አያይዤዋለሁ፤ ፓምፖቹ የሚበሉት ኃይል ከአንድ አምፖል አይበልጥም። መስኮቱን ለሜታኖሉ ሽታ ከፍቼ፣ ቀይ አቧራው እየገባብኝ፣ ከበር እስከ መስኮት እመላለሳለሁ። የተጠራቀመውን ጠብታ በንጹሕ ሜታኖል ብልቃጥ ውስጥ ነቅንቄ አያለሁ። ዘይቱ ሙሉ በሙሉ ወደ ነዳጅ ከተለወጠ ብልቃጡ ጥርት ይላል። ካልተለወጠ ይደፈርስና ዘይቱ ከታች ይዘቅጣል።

ናሙና አንድ ደፈረሰ። ናሙና ሁለት ደፈረሰ። ሙቀቱን ለወጥኩ፣ ፍጥነቱን ለወጥኩ፣ አሁንም ድፍርስ ነው። ለሦስት ሳምንት ከትምህርት ቤት በሩጫ እየመጣሁ ድፍርስ ብልቃጥ ስመለከት ሰነበትኩ። እንቅልፌ ጠፋ፤ ተማሪዎቼ ላይ መጮኽ ጀመርኩ፤ የባጃጅ ሾፌር በዝግታ ነዳህ ብዬ ወርጄ በእግሬ ሄጃለሁ። እናቴ ምግብ አቅርባ «አካም ነሽ?» ስትለኝ «ናጋ»፣ ደህና ነኝ፣ ለማለት እንኳ አፌ ይከብደኛል።

ከዚያ ናሙና ሦስትን ከጮጮው ቆንጥሬ ጨመርኩ። ግማሽ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ ጠብታውን ነቅንቄ ወደ መስኮቱ ሳነሳው ብልቃጡ ውስጥ ምንም የለም። ባዶ መሰለኝ። በብልቃጡ ውስጥ አሻግሬ የጎረቤቱን አጥር እሾህ አንድ በአንድ አየሁት። ደገምኩት፣ ጥርት አለ። አሁንም ደገምኩት፣ ጥርት አለ። እየጮኽኩ ወደ ግቢው ወጣሁ። እናቴ ጥላ ውስጥ ሆና ባቄላ ትለቅማለች። «ናሙና ሦስት ሠራ! ሌሎቹን በሙሉ በለጣቸው!»

«የተልተሌው?» አለችኝ።

«አዎ!»

ወደ ባቄላው ጎንበስ አለች። እኔ በደስታዬ እየዘለልኩ ስለነበር ዝምታዋን ከቁም ነገር አልቆጠርኩትም።

ለአማካሪዬ የዚያኑ ቀን ጻፍኩ። የተማረ ሰው ያልገባውን ነገር ሳይገባው ማስረዳት ይችላል፤ እኔም አስረዳሁ። የተልተሌ ከብቶች የሚልሱት አፈር ጨዋማ ነው፣ የሚበሉት ሣር ከሌላው ይለያል፣ ስለዚህ አጥንታቸው የተለየ ነው ብዬ ሦስት ገጽ ሞላሁ። አማካሪዬ ተደሰቱ። በሴሚስተሩ መጨረሻ ለኮሚቴው የሚቀርበውን ረቂቅ ጀመርን፤ ምዕራፍ አራት በሙሉ ስለ ናሙና ሦስት ነው። ለወራት ጻፍኩ፣ ደገምኩ፣ ሥዕል ሠራሁ። አንድ የሚቆረቁረኝ ነገር ነበር። አንድ ቀን ፓምፑን ሳላጠፋ ወደ ገበያ ሄጄ ስመለስ የኋለኞቹ ጠብታዎች ደፍርሰው አገኘኋቸው። የሚሠራ ካታሊስት በአንድ ከሰዓት አይደክምም። ባትሪው ወርዶ ይሆናል ብዬ ብልቃጡን አጠብኩት። ከዚያ በኋላ ሁልጊዜ በግማሽ ሰዓት አቆም ነበር፤ ጥሩውን ካገኘሁ በኋላ ቆሜ የምጠብቀው ምን አለ?

ረቂቁ ሊገባ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት አማካሪዬ ደወሉ። ድምፃቸው የወትሮው አልነበረም። እሳቸው ዘንድ የተውኩትን የናሙና ሦስት ግማሽ በራሳቸው እጅ ሞክረውታል። «ከሌሎቹ ምንም አይለይም» አሉኝ። «ደጋግሜ ሠርቼዋለሁ። ድፍርስ ነው።»

«እኔ ዘንድ ግን ይሠራል» አልኳቸው።

«አንድ ዱቄት ነው። አንድ ምድጃ ነው። አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ አትቀየሚኝ። ያየሽውን ነው የጻፍሽው?»

እኔ ቸኳይ ነኝ፣ ቁጡ ነኝ፣ ቀጣፊ ግን አይደለሁም። ይህን ልላቸው አፌን ስከፍት ቀደሙኝ። እንደ ማፅናናት «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል፤ እንደገና እዪው» ብለው ዘጉ። ዶክትሬቱ ቀርቶ ስሜ ሊጠፋ ነው። ጮጮውን አነሳሁ። የቀረው ዱቄት ጥቂት ነበርና ነጭ ወረቀት ላይ ገለበጥኩት፤ ለወራት ከላይ ከላይ በማንኪያ ጫፍ ስቆነጥር የጮጮውን ወለል አይቼው አላውቅም። በነጩ ዱቄት መሃል ግራጫና ጥቁር ብናኝ አለ። በጣቴ ነካሁና አሸተትኩት።

የወይራ ጭስ ነው።

ይህን ሽታ ከእናቴ ጡት ጋር ነው የማውቀው። በእኛ በኩል ወተት ያልታጠነ ዕቃ ውስጥ አይገባም። የወይራ ፍም ጮጮው ውስጥ ይጨመራል፣ ክዳኑ ይገጠማል፣ ይወዘወዛል፣ ከዚያ ፍሙ ተደፍቶ ውስጡ ይጠረጋል። ወተቱ ያን ጊዜ ይጣፍጣል፣ ቶሎም አይበላሽም። ሲጠረግ ግን ደቃቁ አመድ ሁሉ አይወጣም፤ ጠለፋው ውስጥ ተሸጉጦ ይቀራል። አመድ ውስጥ ደግሞ ፖታሽ አለ፣ ድሮ ሳሙና ይሠራበት የነበረው። ዘይቱን ጥርት አድርጎ የለወጠው አጥንቱ ሳይሆን ይኸው ፖታሽ ነበር። ሜታኖሉ አጥቦ ሲጨርሰው ደከመ። በትልቅ ድስት ቢሆን ያቺ ቁንጣሪ አመድ ማንም ሳያውቃት ታልፍ ነበር። የእኔ ፋብሪካ ግን ምንም አትደብቅም፤ እኔ ነኝ ያላየሁት።

እናቴ ጓዳ ነበረች። ጮጮውን ፊቷ ላይ ዘርግቼ «ይህን አጥነሽው ነበር?» አልኳት።

ሳህኑን አጥበሽው ነበር ወይ ብዬ የጠየቅኳት ይመስል አየችኝ። «ታዲያስ! ጮጮ ሳይታጠን ምን ይገባበታል?»

«ሌሎቹን ለምን አላጠንሽም? ለምን ይህን ብቻ?»

ለመልስ ጊዜ አልሰጠኋትም። ጮኽኩባት። ስድስት ዓመቴን አበላሸሽው አልኳት፤ ያልተነገረሽን ለምን ትነኪያለሽ አልኳት፤ ከዚህም የባሰ ብያለሁ፣ እዚህ አልጽፈውም። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ እኔ ያን ቀን ያፈሰስኩትን እስከ ዛሬ ለቅሜ አልጨረስኩም። ነጠላዋን አንስታ ወደ ውጭ ወጣች።

በማግስቱ ግን ጥርጣሬዬን በእጄ ማረጋገጥ ነበረብኝ። ከአሮጌ ጮጮዎቿ አንዱን ወሰድኩ፣ የወይራ ፍም ለቅሜ ጨመርኩ፣ ክዳኑን ገጥሜ ወዘወዝኩ። ፍሙ ጠፋብኝ። እንደገና አነደድኩ። እናቴ ደጃፉ ላይ ቆማ ታየኛለች፤ ተኳርፈናል፣ ግን ዝም ማለት አልቻለችም። «ፍሙን እንደ ጠላት ነው የምትወዘውዢው» አለች። «በቀስታ። ያዥው፣ አሽከርክሪው።» እንዳለችኝ አደረግኩ። ከዚያ ናሙና አንድን፣ የወደራውን ድፍርስ፣ እዚያ ጮጮ ውስጥ አሳድሬ ቦዩ ውስጥ ጨመርኩት። በግማሽ ሰዓት ውስጥ ብልቃጡ ጥርት አለ። አሁን ግን ፓምፑን አላጠፋሁትም። ከበር እስከ መስኮት እየተመላለስኩ፣ ጥፍሬን እየበላሁ፣ ከሰዓቱን ሙሉ ጠበቅሁ። አሥር ሰዓት ላይ ደፈረሰ።

ሁለት ቀን አሰብኩበት። እንዳልዋሽ፣ ሁለተኛውን ቀን ያሰብኩት ስለ እውነት አልነበረም። ኮሚቴው የሚያየው ረቂቁን ነው፤ አማካሪዬ ዘንድ ያለው ዱቄት እርጥበት ገብቶበት ነው ማለት ይቻል ነበር። አረፍተ ነገሩን ሁሉ አዘጋጅቼዋለሁ። በሦስተኛው ቀን ከትምህርት ቤት መልስ ግቢው ውስጥ እየተንጎራደድኩ ደወልኩላቸውና ሁሉንም ነገርኳቸው። ምዕራፍ አራትን እንሰርዘው አልኩ።

«ያለ እሱ በዚህ ሴሚስተር አትደርሺም» አሉኝ። «ሌላ ማራዘሚያ ደግሞ የለም፤ ታውቂዋለሽ።»

«አውቃለሁ።»

«ስምሽ ግን ተርፏል። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።» ቀጥለውም «ምክንያቱን በጽሑፍ ማስገባት አለብን» አሉ። «ዱቄቱን ጭስ ያለበት ዕቃ ውስጥ የጨመረው ማን ነው?»

እናቴ ከበስተኋላዬ ልብስ ታሰጣ ነበር። አዲስ አበባ በትልቅ ክፍል ውስጥ ሰዎች ተቀምጠው ስለ እሷ ሲያነቡ ታየኝ፤ ፈገግ ሲሉ ታየኝ። «እኔ ነኝ» አልኳቸው። «በግዴለሽነት።»

ስልኩን ዘጋሁ። ዶክትሬቴ እንዲህ አለቀ፣ በልብስ ገመድና በውኃ በርሜል መሃል ቆሜ። አለቅሳለሁ ብዬ ነበር፣ አላለቀስኩም፤ እግሬ ብቻ መቆም አልቻለም፣ ግቢውን መዞር ጀመርኩ።

«ለምን እኔ ነኝ አልሽው?» አለች እናቴ። የያዘችውን ልብስ አላሰጣችውም።

«እንዳይስቁብሽ ብዬ ነው።»

«እኔ ነኝ ያጠንኩት። አንቺ ማጠን መቼ ታውቂና!» ተቆጥታለች፤ ስጮኽባት እንኳ እንዲህ አልተቆጣችም ነበር። «ደውይለትና ንገሪው። ተሳስቼ አይደለም፣ አውቄ ነው ያጠንኩት በይው።»

«እማ፣ ሦስቱም አጥንት ናቸው። ለምን ያንን ብቻ?»

ልብሱን ትከሻዋ ላይ ጣለችው። «ያቺ ላም የእኔ ነበረች፣ ኢንታላ ኮ፣ ልጄ።»

ቆምኩ። እናቴ አባቴን ስታገባ ከአባቷ ቤት የተሰጣት ጊደር ነበረች፤ ይህቺ ላም የጊደሯ የልጅ ልጅ ነች። እናቴ ከተማ ከገባች ጀምሮ ከብቶቿ ወንድሟ ዘንድ ነበሩ። በድርቁ ሌሎቹ ቀድመው አለቁ፣ አንዷ ቀረች። መነሳት ስላቃታት አጎቴና ልጆቻቸው በየጠዋቱ ከሆዷ ስር ገብተው አንስተው ያቆሟት ነበር። ሁለት ወር አቆሟት። ከዚያ አንድ ቀን ቢያነሷትም አልቆመችም። እናቴ ይህን ሁሉ በስልክ ሰምታለች፤ እኔ ያን ጊዜ አዲስ አበባ ፓምፕ ስፈታና ስገጥም ነበር።

«እድሜዬን ሙሉ አንድ ቀን ቤቴ ትመጣለች ብዬ እመኝ ነበር» አለች። «ቦታ የለኝም፣ ሣር የለኝም፣ እንዴት ትምጣ? መጣች። በላስቲክ መጣች። ከላም የወጣ ነገር ባልታጠነ ዕቃ ላስቀምጥ? እሷን?»

«ለምን አልነገርሽኝም?» አልኳት። ድምፄ የልጅ ድምፅ ሆነ።

«ወንድሜ ነገረኝ» አለች። ቁጣው ከፊቷ ጠፍቷል፣ የቀረው ድካም ነው። «ስትደውዪለት ሰላምታ አልጨረስሽም። ሎን ናጋ? ከብቱ ደህና ነው? አላልሽውም። አጥንት ላኩልኝ አልሽው። እሱም አፍሮ ላከልሽ። እኔ ግን ለልጄ ምን ብዬ እነግራታለሁ? ነጋ ጠባ ስሟን ትጠሪያለሽ፤ ናሙና፣ ናሙና። አንድ ቀን የማን ላም ነበረች ትለኛለች ብዬ ይህን ሁሉ ወር ጠበቅሁሽ።»

ናሙና ሦስት ላይ ምዕራፍ ጽፌያለሁ። የምትልሰውን አፈር፣ የምትበላውን ሣር በሦስት ገጽ አስረድቻለሁ። ቀይ ትሁን ግራጫ፣ ቀንዷ ረጅም ይሁን አጭር፣ ስንት ጥጃ እንደወለደች አላውቅም ነበር። ስለ እሷ የማውቀው በምን ያህል ሙቀት፣ ለስንት ሰዓት እንደተቃጠለች ብቻ ነበር።